የአባቴ ግቢ፣ ኖራና ገል

ባለፈው ሰሞን ከቅዳሴ ስመለስ በፋሲል ግንብ አጥር ጥግ አንድ ሽታ አስቆመኝ። የተቃጠለ ኖራ ላይ ውሃ ሲፈስበት የሚወጣው እንፋሎት ነው። ለማያውቀው ሰው እንዲህ ይሸታል ብሎ ማስረዳት ይቸግራል፤ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድበት እንደሚሸተው ሆኖ፣ ጉሮሮን ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር አለበት። ግንቡን የሚጠግኑ ሠራተኞች ጉድጓድ ቆፍረው ኖራውን እያበረዱ ነበር። ቢጫ ቆብ የደፋች፣ እጇ ላይ ጓንት ያጠለቀች አንዲት ወጣት፣ «እማማ፣ ወደዚያ ፈቀቅ ይበሉ፤ ዓይን ያቃጥላል» አለችኝ። ምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት። ከዩኒቨርሲቲው መሆኗን፣ ከአንድ የሥራ ተቋራጭ ጋር ሆነው አዲስ ዓይነት የግንብ ማያያዣ እየተመራመሩ መሆናቸውን ነገረችኝ። ኖራው ላይ ምን ትጨምሩበታላችሁ ብላት ትንሽ ገረማትና፣ የተፈጨ ሸክላ አለችኝ። ፈቀቅ አልሁ። የምነግራት ነገር ነበረኝ፤ እሷ ግን ሥራ ላይ ነበረች። ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳላወርድ ብዙ ተቀመጥሁ።

አባቴ አያ ካሳ ይባሉ ነበር። ድንጋይ መጥረብ የተማሩት በጣልያን ጊዜ በቀን ሠራተኛነት ነው። ጣልያን ሲወጣ እሳቸው ግንበኛ ሆነው ቀሩ፤ አገር ከረጋ በኋላ ደግሞ ጥቂት ሰው ሰብስበው ተቋራጭ ሆኑ። ግቢያችን አውቶ ፓርኮ ከሚባለው ሰፈር ዝቅ ብሎ ነበር። በአንድ ወገን መኖሪያ ቤታችን፣ በሌላው የጥርብ ድንጋይ ክምር፣ ከታች ወደ ወንዙ የኖራ ማቃጠያው ምድጃ። የኖራ ድንጋዩ ከደንቢያ በኩል በአህያ ይመጣል፤ ሲቃጠል ውሎ ሲያድር ጭሱ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይተኛል። ልብሳችን፣ የዶሮዎቻችን ላባ፣ የእናቴ የበር መጋረጃ ሁሉ ነጭ ነበር። የሰፈሩ ሰው ግቢያችንን «ዱቄት ቤት» ይለው ነበር። እኔን ውብነሽን «የዱቄት ቤቷ ልጅ» ብሎ የጠራኝ ሰው ሁሉ አሁን ከመሬት በታች ነው፤ ስሙ ግን አሁንም አንዳንድ ቀን ጆሮዬ ላይ ይጮኻል።

ሲሚንቶ የሚባለው ያኔ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። ምጽዋ ይወርዳል፣ አሥመራ ይወጣል፣ በትልልቅ ማኪና ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን እያቃሰተ ወጥቶ ጎንደር ይገባል። ክረምት ከሆነ ዛሪማ ላይ ዝናብ ይመታውና ከረጢቱ ሲቀደድ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። አባቴ እንዲያ የደረቀውን ሲሚንቶ በእግራቸው ገፋ እያደረጉ፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው ለመቀመጫ ነው እያሉ ይስቁ ነበር። ሲስቁ ግን ፊታቸው አይስቅም። ውሃ የሚነካውን ግንብ፣ ድልድይም ይሁን የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ያለ ሲሚንቶ የሚሠራ ሰው አልነበረም፤ የእኛ ኖራ ለደረቅ ግድግዳ እንጂ ለውሃ አይሆንም። ስለዚህ ሸጋ ሸጋው ሥራ ሁሉ ሲሚንቶ ለሚያስመጡት ይሄዳል፤ ለአባቴ የሚቀረው አጥርና የመቃብር ግንብ ነበር።

ጎንደርን ያኔ ያላየ ሰው አሁን ቢያያት አይረዳኝም። ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሻይ በአምስት ሳንቲም ይጠጣል፤ ብርጭቆው ትንሽ፣ ስኳሩ ብዙ። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ስሙኒ የጨበጡ ጎረምሶች ይጋፋሉ፤ ሴት ልጅ ብቻዋን ገባች ከተባለ ወሬው ቀድሟት ቤት ይደርሳል። የቢሮ ሰዎች ካኪ ኮትና ሱሪ ለብሰው፣ የወረቀት ቦርሳ በብብታቸው ይዘው ቀስ ብለው ነው የሚሄዱ፤ የሚቸኩል ሰው የተበደረ ይመስል ነበር። እኛ ልጃገረዶቹ ሸራ ጫማችንን በጠመኔ እናነጣለን። እኔ በኖራ ነበር የማነጣው፤ ከሁሉ የበለጠ የእኔ ይነጣል፣ እግሬን ግን ይልጠኛል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሻይ ቤቱ የሸክላ ዘፈን ይሰማል። መርፌው እየዘለለ ዘፋኙ አንዲት ቃል ላይ ሲንተባተብ፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እስኪያልፍለት ይጠብቀው ነበር። አሁን በዚያ ጥግ የስልክ ካርድ ይሸጣል።

መምህር ይልማ የመጣው በአንድ የጥቅምት ጠዋት ነው። ከአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ባሕር ማዶ ተምሮ ተመልሶ ገና ማስተማሩን የጀመረ ወጣት። የመጣበት ምክንያት ለሰው ሁሉ የሚያስቅ ነበር፤ የፋሲል ግንብ ይህን ያህል ዘመን ዝናብ እየወረደበት እንዴት ቆመ፣ ኖራው የተቦካው በምንድን ነው ብሎ። ከተማው መልሱን በአፉ ይዞት ኖሯል። አንዱ እንቁላል ነው አለው፤ አንዱ ማር፤ አንዲት መነኩሲት ጸሎት ነው አሉት። አባቴ ዘንድ ሲመጣ ግን፣ «በምን እንዳቦኩት እኔም አላውቅም። ካገኘኸው ንገረኝ፤ እኔም ሳልሞት በሱ አንድ ነገር ልሥራበት» አሉት። ይልማ ይህን ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ የድንጋይ ክምሩ ላይ ተቀመጠ። አባቴም አጠገቡ ተቀመጡ። እኔ ከደጃፍ ሆኜ አያቸው ነበር፤ አንዱ ሌላውን ሲፈልግ የኖረ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ከአባቴ ጋር ተዋዋለ። እነሱ መጭመቂያ ማሽንና መምህሩን ለሁለት የትምህርት ዓመት ሰጡ፤ አባቴ ምድጃውን፣ ኖራውን፣ ሠራተኞቹንና የድንጋይ መጋዘኑን እኩሌታ። ዩኒቨርሲቲ ከነጋዴ ጋር ሲሠራ በጎንደር ታይቶ አይታወቅምና ወሬው ብዙ ነበር። አያ ካሳ ከአዲስ አበባ ልጅ አስመጥተው ጡብ እያሠሩ መልሰው ያሰብሩታል ይባል ነበር። እውነትም ሥራችን እሱ ነበር። ኖራውን በወንፊት ነፍተን፣ ከአሸዋና ከልዩ ልዩ አፈር ጋር በልክ አቡክተን፣ በእንጨት ፎርማ የሳሙና ያህል እየቆረጥን እናደርቃለን። ከዚያ እኩሌታውን ውሃ ውስጥ፣ እኩሌታውን በደረቅ እናቆየዋለን። ሲደርስ ማሽኑ ውስጥ አስገብተን እንጨምቀዋለን፤ ቧ ብሎ ሲሰበር የማሽኑ ልክ አመልካች መርፌ የት እንደደረሰ ይጻፋል። የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ እናቴ ይበቃሻል ብላኝ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ይልማ ቁጥር የሚጽፍለት ሰው ሲያጣ አባቴ፣ «ውብነሽ አለችልህ» አሉት። በሕይወቴ ከተባለልኝ ነገር ሁሉ ይህን ያህል ያስደሰተኝ የለም።

መጀመሪያ አልሆነልንም። ከውሃ ስናወጣው እንደ ገንፎ ይፈርሳል። የገና በዓል እስኪደርስ እንዲያው ቆየን፤ አባቴ እንደገና እያቃጠሉ፣ ይልማ እየከሳ። አንድ ቀን ይልማ በድሮ ዘመን የሮም ሰዎች የተፈጨ ጡብ ከኖራ ጋር እያቦኩ የውሃ ግንብ ይሠሩ እንደነበር ማንበቡን ለአባቴ ሲነግራቸው፣ የተቃጠለ ጡብ ጎንደር ውስጥ ከየት ይመጣል አሉ። ቆይተው፣ «ወለቃ ያለው ገል ሁሉ ጡብ አይደለም እንዴ?» አሉ። ገል እኛ የምንለው የተሰበረ ሸክላ ነው። ሁለቱ ተያዩ። በነጋታው በአህያ ጆንያ ጭነን፣ እኔ፣ ይልማና አንድ ሠራተኛ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር፣ ወደ ወለቃ ሄድን። አንዲት እቴ በለጡ የሚሏት ሸክላ ሠሪ በራፏ ላይ ጋን ስታለሰልስ አገኘናት። ደህናው ሳይሆን ስብርባሪው ነው የምንፈልገው ስንላት ዓይኗን ከይልማ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ይልማ አዟዟረች። «እንግዲህስ ልጆቼ ሲሰብሩ አልቆጣ» አለችና ከጓሮዋ ያለውን ክምር አሳየችን። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ታመጣልን ነበር። አሁን ከወለቃ ከሄደች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ልጆቿን ተከትላ እሷም ወገኖቿም እስራኤል ሄዱ። በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቁጥር ያ በራፍ የትኛው እንደነበር እፈልጋለሁ፤ አላገኘውም።

ገሉን ወፍጮ ቤት አስፈጨነው፤ ወፍጮኛው የወፍጮዬን ድንጋይ ትጨርሱብኛላችሁ ብሎ ተጣላን፣ በግድ ነው ያስማማነው። ዱቄቱን ከኖራው ጋር አቦካን፣ ቆረጥን፣ ውሃ ውስጥ ከተትን። ሲደርስ አንዱን ይልማ አውጥቶ ለአባቴ ሰጣቸው። አባቴ አገላብጠው አዩት፤ በጥፍራቸው ፈተጉት፤ በመጨረሻ እንደ ልጅ በጥርሳቸው ነከሱት። ማሽኑ ውስጥ ስናስገባው መርፌው ከዚያ በፊት ደርሶ ከማያውቀው አለፈና ሄደ። እኔ ቁጥሩን መጻፍ ረስቼ ቀረሁ። ይልማ ሳቀ። የዚያን ዕለት ፒያሳ ወስዶን ሻይ ጋበዘን፤ አባቴ መሃላችን ተቀምጠው። ከዘፈን ማጫወቻው የተሰበረ ሸክላ ሲጣል አይቶ፣ ይኸም ሸክላ አይደል፣ እንፍጨው ወይ ብሎ አባቴን ጠየቃቸው። አባቴ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሳቸው እንዲያ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለ ይልማና ስለ እኔ ብዙ የሚነገር ነገር የለም። በሰው ፊት አንቱ እለው ነበር፤ መጋዘኑ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን አንተ። ይህችው ነች። ቁጥር ሲነግረኝና ስጽፍ፣ ወንፊቱን ወዲህና ወዲያ ይዘን ስንነፋ፣ ስለ ትምህርት ያወራኛል። ሴቶች ከወንዶች ጋር በአንድ ክፍል እንደሚማሩ፣ ከነሱ አንዷ ከሱ የበለጠ ሒሳብ እንደምታውቅ። አንቺም ትችያለሽ አይለኝም ነበር፤ ብቻ ያወራኛል፣ ሲያወራኝ ግን እኔ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጥሁ ይመስለኛል። ጫማው እንደ እኔው በኖራ ነጭ ነበር። እጁ ሲላላጥ እናቴ ቅቤ እንድቀባው ትልከኛለች። እናቴ ያኔ ምን አስባ እንደነበር አላውቅም።

በበጋው ማብቂያ ከጎንደር ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ባለው ደጋ፣ ኮሶዬ ላይ አዲስ ትምህርት ቤት ተሠራ። ውሃ ግን የለውም፤ የአካባቢው ሴቶችም ገደሉን ወርደው ነው የሚቀዱ፤ ሲወጡ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ። የአገሩ ፊታውራሪ ገንዘብ አሰባስበው ከላይ ካለው ቀጭን ምንጭ ውሃ የሚጠራቀምበት የግንብ ገንዳ ሊያሠሩ ፈለጉ። ሲሚንቶው አልደርስላቸው ሲል አባቴ በገልና በኖራ እሠራዋለሁ አሉ። ለአባቴ ቀላል ነገር አልነበረም። ገንዳው ቢያፈስ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ካሳ የሚለው ስም መሳቂያ ይሆናል። ይልማም ቢሆን ለዩኒቨርሲቲው የሚያሳየው ሥራ ያ ብቻ ነበር። ክረምቱ እንደ ወጣ ሁላችንም ኮሶዬ ወጣን፤ እኔ ከአክስቴ ጋር አንድ ቤት፣ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ።

የኮሶዬ ብርድ ከጎንደር ሰው ጋር አይስማማም። ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሲነሣ በክንድ ርቀት ያለ ሰው አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ የመዶሻ ድምፅ፣ የይልማ ሳል። ግንቡ ቆመ፣ ውስጡ ተለሰነ። ልስኑን በጭድና በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን ቀን በቀን ውሃ እናርከፈክፍበታለን እንጂ ገንዳውን አንሞላውም፤ ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክር፣ በብርድ ደግሞ ይብሳል። ይልማ ለአባቴ ጥር ላይ ነው የምንሞላው ብሏቸው ነበር፤ አባቴም ለፊታውራሪው ይህንኑ ነግረዋል።

ኅዳር ላይ ፊታውራሪው በበቅሎ መጡ። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው በዚያ መንገድ ሊያልፉ ነው፤ ትምህርት ቤቱን ይመርቃሉ፤ ቧንቧው ተከፍቶ ውሃ ሲወርድ ማየት አለባቸው አሉ። ሁላችንም ገንዳው አጠገብ ቆመን ነበር። ፊታውራሪው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለኮሶዬ ሰው ውሃ ያሰቡለት እሳቸው ናቸው። ግን ደስታቸው ሊወሰድባቸው እንደሆነ ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ሙላው፣ ይዩት፣ ይሂዱ» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ብትፈልግ አፍስሰው።»

አባቴ ይልማን አዩት። ይልማ አሁን ውሃ ከገባ ልስኑ እንደሚላቀቅ በቀስታ ተናገረ።

«እኩሌታውን ብቻስ?» አሉ ፊታውራሪው።

«ፊታውራሪ» አሉ አባቴ፣ «ጨቅላን ሸክም አያሸክሙትም። እርስዎን አከብራለሁ። ውሃ ግን አላስገባም።»

«እንግዲያ ሌላ ሥራ ከእኔ አትጠብቅ። ከወዳጆቼም።»

«አልጠብቅም።»

ፊታውራሪው በቅሏቸውን አዙረው ሄዱ። አባቴ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው በቅሎዋ ጉሙ ውስጥ እስክትሰወር አዩ። ይልማ አንድ ነገር ሊናገር ፈለገ፤ አባቴ ጭዱ ደርቋል፣ ውሃ አምጡ አሉ። ትልቁ ሰውዬም በዚያ ሰሞን በማኪና አለፉ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሕፃናቱ ባንዲራ ይዘው ዘመሩላቸው፤ ከማኪናው አልወረዱም።

በጥር፣ ጥምቀት ሲቃረብ፣ ውሃውን ለቀቅነው። ቀስ እያለ ሲሞላ ዋለ። አባቴ ከግንቡ ውጭ እየዞሩ ድንጋዩን በመዳፋቸው ይዳስሱ ነበር፤ ዞረው ሲጨርሱ እንደገና ይጀምራሉ። ሲመሽ ደረቅ ነበር። ሲነጋም ደረቅ ነበር። ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ሲመጡ ይልማ ቧንቧውን ከፈተው። አንዲት አሮጊት የመጀመሪያውን ውሃ በእጇ ተቀብላ ቀምሳ፣ «ኧረ ኖራ ኖራ አይልም፣ ውሃ ውሃ ነው የሚል!» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። ወደ ኋላ ዞረው ጉሙ ወዳለበት ሄዱና ብቻቸውን ቆዩ።

የዚያን ዕለት ቀትር ላይ ከይልማ ጋር ወደ ገደሉ አፋፍ ሄድን፤ አክስቴ ከኋላችን ትንሽ ራቅ ብላ። ከታች ያለው አገር በፀሐይ ተዘርግቶ፣ ተራራው በተራራው ላይ፣ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ይህ ሥራ እዚህ እንዳይቀር ለዩኒቨርሲቲው እነግራለሁ አለኝ፤ በአባቴ ግቢ ቋሚ የምርምር ቤትና ትንሽ ፋብሪካ እንዲቆም፣ የገልና የኖራ ዱቄት በከረጢት ሆኖ ለበጌምድር ሁሉ እንዲሸጥ። ውሉ ሲያልቅ ሰኔ ላይ እንደሚሄድና በመስከረም እንደሚመለስ ነገረኝ።

«ስመለስ አባትሽን የምጠይቃቸው ሌላም ነገር አለ» አለኝ።

«ምን?» አልሁት።

«ለሳቸው ነው የምነግር።»

የማልረዳ መስዬ ወደ ታች አየሁ። ፊቴ ግን ነግሮብኝ ኖሯል፤ ስንመለስ አክስቴ ነጠላዋን አልብሳኝ፣ ብርድ መታሽ ወይ ብላኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ሄደ። ማሽኑን ከመጋዘናችን ትቶት ሄደ፤ ለመመለሱ መያዣ ይመስለን ነበር። ለአባቴ ሁለት ጊዜ ጻፈላቸው፤ ጉዳዩ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ እየሄደ ነው፣ ይታገሡኝ፣ ለቤተ ሰብ ሁሉ ሰላምታ የሚል። እኔ የቤተ ሰቡን ሰላምታ እያካፈልሁ የራሴን ድርሻ እወስድ ነበር። ግን ያ ክረምት አባቴን ጎዳቸው። ፊታውራሪው ያሉትን አደረጉ፤ አያ ካሳ ትልቅ ሰው ፊት ያዋረደኝ ነው ሲሉ ሥራ የሚሰጥ ጠፋ። ኮሶዬ ላይ የቆመውን ገንዳ ሴቶቹ እንጂ ተቋራጭ የሚቀጥሩት ሰዎች አላዩትም። መንገዱም ተስተካክሎ ሲሚንቶ እንደ ልብ መምጣት ጀመረ። የሚያስመጡት ነጋዴ ማኪና ማቆሚያ ሲፈልጉ ግቢያችን ታያቸው፤ አባቴም ከመኖሪያ ቤታችን በቀር ለቀቁላቸው። ምድጃው ሲፈርስ አባቴ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ አልወጡም።

ነጋዴው ልጅ ነበራቸው፤ ተፈራ የሚባል፣ ሥነ ሥርዓት ያለው። ሽማግሌ የተላከው በሐምሌ ዝናብ ነው። እኔ አልሰማሁም። እናቴ ሹሩባ ስትሠራኝ፣ ግማሹ ከተሠራ በኋላ፣ ከኋላዬ ሆና፣ አባትሽ ቃል ሰጥተዋል አለችኝ። ጸጉሬ እጇ ውስጥ ነበርና መዞር አልቻልሁም። ለማን ብዬም አልጠየቅሁ። ሹሩባው እስኪያልቅ ቅቤውን እያቀበልኋት ተቀመጥሁ። በዚያን ጊዜ ልጅ እንዲህ ሆኜ ነው፣ እንዲህ አስቤ ነው ብሎ አባት ፊት አይቆምም፤ የምቆምበትም ነገር አልነበረኝ፣ ይልማ ከአፉ ያወጣው ቃል ሌላም ነገር አለ የሚል ብቻ ነው።

ለደመራ ዋዜማ ይልማ መጣ። እኔ በር ላይ አደይ አበባ እየጎዘጎዝሁ ነበር። ቦርሳውን አንግቦ፣ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው በእግሩ እየሮጠ ይመስለኛል የመጣው፤ ያለከልክ ነበር። ተፈቀደ አለኝ፣ ሁሉንም ፈቀዱ፣ ምርምር ቤቱንም ፋብሪካውንም። ከዚያ ዓይኑ ከእኔ አልፎ ግቢውን አየ። የድንጋዩ ክምር የለም፤ ምድጃው የለም፤ ሁለት ትልልቅ ማኪና ቆሟል፤ ማሽኑ ሸራ ለብሶ ደጅ ወጥቷል። ብዙ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰና አንገቴ ላይ ያለውን አዲሱን የወርቅ ሐብል አየ፤ ለማጫ ከተፈራ ቤት የመጣ ነበር።

«ዘገየሁ?» አለኝ።

«እናቴ ምሳ አቅርባለች፣ ግባ» አልሁት። አንቱ ለማለት እንኳ አልቻልሁም፣ ሰው እየሰማ።

ምሳ በላ። አባቴ አጠገባቸው አስቀምጠው አጎረሱት። የምርምር ቤቱ መፈቀዱን ሲነግራቸው አባቴ እጃቸውን ከማዕዱ አነሡና፣ ደግ አድርገሃል ልጄ፣ ጊዜው ነው እንጂ አንተ አላጠፋህም አሉት። ከዚያ ስለ ኖራ ማውራት ጀመሩ። በሌላ አገር ምን ዓይነት ድንጋይ እንዳለ፣ ገሉ በደንብ ካልተቃጠለ ምን እንደሚሆን፣ ኮሶዬ ያለው ገንዳ ክረምቱን እንዴት እንዳለፈ። እንደ በፊቱ ነበር የሚያወሩት፤ የማያውቃቸው ሰው ቢያይ ነገ ሥራ የሚገቡ ይመስለው ነበር። ይልማ ሌላውን ነገር አልጠየቀም። በነጋታው ማሽኑን በማኪና አስጭኖ ሄደ። ለመሰናበት ሲመጣ እጄን ጨበጠኝ፤ ብዙ አልያዘውም፣ ቶሎም አልለቀቀው።

ኋላ ባገባሁት በተፈራ ላይ የምለው ነገር የለኝም። ጨዋ ሰው ነበር፤ ክፉ ቀን አላሳየኝም፤ ልጆቻችንን፣ ሴቶቹንም፣ እስከፈለጉት ድረስ እናስተምር ስለው አንድ ቀን ለምን አላለኝም። ነፍሱን ይማር። ስለ ይልማ አልፎ አልፎ ወሬ እሰማ ነበር፤ ብዙ ዘመን አስተማረ፣ አገባ፣ ጊዜው ሲከፋ ወደ ውጭ ወጣ አሉ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም። የሚናፍቀኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ያ መጋዘን ነው የሚናፍቀኝ፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ዱቄቱ ላይ ሲያርፍ፣ አባቴ ጡቡን ሲያቀርቡ፣ ይልማ የማሽኑን መዘውር ሲያዞር፣ እኔ እርሳሴን ይዤ ትንፋሼን ውጬ ስጠብቅ። የሚሰበረው ጡብ ሳይሰበር በፊት ያለችው ጊዜ። ሦስታችንም አንድ ነገር የምንጠብቅባት ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ጠብቄአለሁ፤ እንዲያ ግን ደስ ብሎኝ ጠብቄ አላውቅም።

አባቴ ከታመሙ በኋላ እኔ ቤት ነበሩ። እግራቸው ቢደክምም አእምሯቸው እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጥቼ እግራቸውን ሳጥባቸው፣ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ያላነሡትን ነገር አነሡ።

«ያ ይልማ፣ አንቺን ሊጠይቀኝ ነበር የመጣው» አሉ።

እጄ ቆመ። አዎ አልኋቸው።

«አንቺስ ትወጂው ነበር?»

አዎ አልኋቸው።

እግራቸውን ከሳፋው አነሡ። ከዚያ፣ «ምነው ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብትነግሪኝ? ፊታውራሪን እንቢ ያልሁ ሰው፣ ነጋዴውን እንቢ ማለት ያቅተኝ ነበር?» አሉኝ።

«አልጠየቁኝማ፣ አባቴ።»

ወደ እኔ ጎንበስ አሉና እርጥብ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። መዳፋቸው በስተርጅና እንኳ ሻካራ ነበር። አልቅሰው እንደሆነ እንዳላይ ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ አዙረው ነበር። ውሃው ከሳፋው ውስጥ ቀዘቀዘ፤ ጥላው ከበራፉ ተነሥቶ እግራችን ድረስ መጣ፤ እጄን አልለቀቁትም፣ እኔም አልሳብሁት።